ፋጡማ ግድግዳ ስትደልቅ

በሰው አገር አርባ ዓመት ስኖር፣ ጊታር ለመማር በሞከርኩ ቁጥር ጎረቤት ግድግዳ እየደበደበ አስተወኝ። በእርጅናዬ ድሬዳዋ ተመልሼ ከዚራ ሰፈር ቤት ተከራየሁ፤ እዚህም ያው! የኤሌክትሪክ ጊታሬን ይዤ አርፔጂዮ፣ ማለትም የኮርዱን ድምፆች በተራ በተራ ማውጣት ስለማመድ፣ የክር መምቻውን ፒክ ከወፍራሙ ክር እስከ ቀጭኑ በአንድ ጠረጋ ሳወርደው፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ፋጡማ ግድግዳውን ትደልቀዋለች። ትናንት የኮርድ ቲዎሪ መጽሐፌን ወርውሬ ሄድኩና በሯ ላይ ጮህኩባት።

«በተወለድኩበት ከተማ እንኳ አልማርም?»

በጥርሷ የያዘችውን መርፌ አወጣች። «ተይ አቦ! ማን ከለከለሽ? ቀስ ብለሽ ስትመቺው ስድስት ድምፅ ነው፤ ስትፈጥኚ አራተኛውን ትውጪዋለሽ። ስትውጪው ብቻ ነው ግድግዳውን የምደልቀው።»

«ሁልጊዜ አይደል እንዴ የምትደልቂው?»

«ታዲያ መቼ ሳትውጪው ቀርተሽ ታውቂያለሽ?»