እታለም ያልኳት እናቴ

ልጅ ሳለሁ፣ ከአሸተን ማርያም ተራራ ግርጌ ባለችው መንደራችን፣ የወለደችኝን እናቴን «እታለም» እላት ነበር። «እምዬ» የምለው አያቴን ነው። በእኛ አገር ይህ የተለመደ ነው፤ እናት ገና ልጅ ሆና የወለደችው በኩር የአያት ልጅ ይሆናል፤ እናቱን እንደ ታላቅ እህት ይጠራታል። እምዬ እናቴን በልጅነቷ ለአንድ ወታደር ዳረቻት። ደርግ ሲወድቅ ሰውየው የገባበት ጠፋ፤ እናቴም እኔን አዝላ ተመለሰች። ጡት እንደጣልኩ እምዬ ወሰደችኝ፤ እናቴ ላሊበላ ከተማ ወርዳ ጠላ ትሸጥ ጀመር።

ማታ ማታ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ጋዙ እንዳያልቅ የኩራዙ ክር ዝቅ ተደርጎ፣ እምዬ እየፈተለች ተረት ታወራልኝ ነበር፤ ያኔ ዓለም ከዚያ ምድጃ ዙሪያ የሚያልፍ አይመስለኝም ነበር።

አንድ እሑድ እታለም ልታድር መጣች። ምድጃው ዳር ተቀምጣ ድንገት «ተረት ተረት» አለች። «የመሠረት» ከማለቴ በፊት የእምዬን ፊት አየሁ። እምዬ ከእንዝርቷ ቀና አላለችም። እታለም መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች። በረዶ በጣለ ቀን አንዲት በግ ግልገሏን ጎረቤት በረት አስጠግታ ሄደች፤ ሲያባራ ተመልሳ ከበሩ ቆማ ትጣራ ጀመር። እዚህ ላይ አቁማ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ» አለች እምዬ፣ «ግልገሏ ካሳደገቻት ጋር ቀረች። አለቀ።»

እታለም እናቷን አንቱ ነበር የምትላት። «አንቱ አይደሉም ወይ የዳሩኝ? ልጄንም ወሰዱብኝ። አንድ ቀን እንኳ እማዬ ብትለኝ ምን ይጎድልብዎታል?»

«ጠላ ቤት ብታድግልሽ ይሻል ኖሯል!» አለች እምዬ።

እታለም ነጠላዋን አንስታ ቁልቁል ወደ ከተማ ወረደች። ከዚያ ወዲያ ለዓመት በዓል ብቻ ብቅ ትላለች፤ ተረት ግን ዳግም አላወራችም።

እምዬ ያረፈች ዕለት፣ እኔ አድጌ ነበር፣ ለቀስተኛው ሁሉ «ወይኔ እናትሽን» እያለ እኔን ደገፈ። እታለም ብቻዋን ከአጥሩ ጥግ ታለቅሳለች። ሮጬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። ያን ቃል ልላት ፈልጌ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን የለመድኩት «እታለም» ሆነ።

«አይዞሽ እህቴ» አለችኝ ፊቴን እየጠረገች፣ «እናታችን ሄዱብን።»

የእምዬ ተረቶች ዛሬም በቃሌ አሉ። መንደሩ ሁለት እናት ያላት ይለኛል፤ እኔ ግን አንዷን ቀብሬ ሌላዋን ሳላገኝ ቀረሁ።