የባልደረባዬ ሰማያዊ ስክሪን

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ግማሽ ቀን እሠራለሁ። ሁለት ሴቶች ነን። ባልደረባዬ ከከተማው ዳር ካለችው ከቡሹሎ ትመጣለች፤ በዕድሜ ብንቀራረብም በሁለት ዓመት እበልጣታለሁ። ኮምፒውተሮቻችን አሮጌ ስለሆኑ ልጄ ለአሮጌ ማሽን የማይከብድ፣ ዩኒክስ የሚባል ፕሮግራም ጫነችባቸው። ሥዕል የለውም፤ ጥቁር መደብ ላይ ግራጫ ፊደል ብቻ ነው። የታካሚውን ስም እንጽፋለን፣ የካርዱ ቁጥር ይወጣል።

ልጄ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። እኛ ዘንድ በሳምንት አንድ ቀን ብቅ ትላለች። ስትመጣ መጀመሪያ ሰላም የምትለው ባልደረባዬን ነው። ወንበሯ ለበሩ ስለሚቀርብ ነው እል ነበር።

አንድ ቀን ባልደረባዬ ዓይኗን ስታሽ ልጄ አየቻት።

«እናቴ፣ ፊደሉ አስቸገረዎት እንዴ?»

«ኧረ ልጄ፣ ያረጀሁት እኔ፣ ፊደሉ ምን አደረገ!»

ልጄ ጎንበስ ብላ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈች። መደቡ ሰማያዊ፣ ፊደሉ ቢጫ ሆነ። «ወይስ ነጭ ይሻልዎታል?» እያለች ቆመች። ማሽኑ ሲዘጋ ቀለሙ ስለሚጠፋ፣ በየጠዋቱ እንድትጽፈው ትእዛዙን በወረቀት ገልብጣ ጠረጴዛዋ ላይ ለጠፈችላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንቺ እማዬ፣ መነጽርሽ አዲስ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። መነጽሩን የገዛችልኝም እሷው ናት። ቢሆንም «እናቴ» ያለችበት ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ባልደረባዬ ጠዋት ጠዋት ወረቀቱን እያየች ፊደሎቹን አንድ በአንድ ትለቅማለች። ሰማያዊው ሲመጣ «ይኸው፣ ሐይቃችን መጣ!» ትላለች። እኔ ወደ ካርዶቼ እዞራለሁ።

አንድ ሰኞ ቀለሙን አውጥታ፣ ሥራ ሳይጀመር ውኃ ልትቀዳ ወጣች። ተነሥቼ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ሐሳቤ እንደ እኔው ጥቁርና ግራጫ ላደርግባት ነበር። ወረቀቱን አይቼ የመደቡን ቀለም ጥቁር አልኩ። የፊደሉ ተራ ሲደርስ ጣቴ እንደገና ጥቁር ጻፈ። ስህተት ነበር ብዬ መጻፍ አልችልም። ገጹን አጽድቼ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

ባልደረባዬ መጥታ የመጀመሪያውን ታካሚ ስም ጻፈች። ምንም አልታየም። ደግማ ጻፈች። ፊቷ ተለወጠ።

«የሰዉን ሁሉ ካርድ አጠፋሁት!»

መስኮቱ ጋ ከተሰለፉት መካከል አንድ ሽማግሌ፣ «እንግዲያማ ድነናል ማለት ነው፤ ወደየቤታችን እንሂዳ!» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ከወንበሯ ተነሣች።

«ከእንግዲህ እዚህ አልቀመጥም» አለችኝ። «ለሚያይ ሰው ልተወው። ልጅሽ ያን ያህል ደክማልኝ፣ አሁን ምን ትለኛለች?»

ያኔም እንኳ የቆረቆረኝ ስለ ልጄ እንዲህ መጨነቋ ነው፤ የወለደቻት ትመስል ነበር። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ።

ልጄ በባጃጅ ደረሰች። «አይዞዎት እናቴ፣ አንድም ካርድ አልጠፋም» ብላ ባዶው ጥቁር ላይ ምንም ሳታይ ጻፈች፤ ሰማያዊው ተመለሰ። ከዚያ ቀደም ሲል የተጻፉትን ትእዛዞች ወደ ኋላ እየመለሰች አየች። ሁለቱ ጥቁሮች ያሉበት መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። በቃላቱ መካከል ሁለት ሁለት ክፍት ቦታ ነበር። መሥሪያ ቤት ሳለሁ የጽሕፈት መኪናዬ ክፍት ቦታ መምቻ አንዳንዴ እምቢ ይል ስለነበር ሁለቴ መምታት ለመድኩ፤ እስከ ዛሬም አልተወኝም። ልጄ ከትንሽነቷ ጀምሮ በዚህ ትስቅብኛለች።

ቀና ብላ አየችኝ። አልሳቀችም። እኔ ካርዶቹን ማስተካከል ጀመርኩ።

«ማሽኑ ነው እናቴ» አለቻት። «እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም።»

ሰልፉ ሲያልቅ አጠገቤ መጥታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እማዬ፣ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«እሷስ መቼ ጠየቀችሽ?» አልኩ።

ከዚያ ወንበር ስባ ጎኔ ተቀመጠች። «ምን ቀለም ላድርግልሽ?»

ባልደረባዬ ከወዲያ ሰምታ፣ «እንደ እኔው አድርጊላት ልጄ! እሷም ዓይኗን ታሳርፍ እንጂ» አለች። ስለ እኔ በእውነት ደስ ብሏት ነበር። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ፤ ሰማያዊውን ግን አልፈለግኩም።

«አረንጓዴ» አልኩ ቶሎ ብዬ።

ልጄ ጻፈች፤ ፊደሎቹ አረንጓዴ ሆነው ወጡ። ጥሩ ነበር፤ በደንብ ይታየኝ ነበር። «ይኸው ይሁን?» ብላ ልትነሣ ስትል ግን፣ «አይ፣ ትንሽ ደመቅ ይበል» አልኳት። እንደገና ተቀመጠች።