ኮሰረት በቮልስ፣ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ

ሰበታ፣ ጎህ ሲቀድ

የሰበታን የታኅሣሥ ብርድ ላላያችሁ ልንገራችሁ። ዛሬ ጠዋት ሳዛጋ የወጣው ትንፋሼ ሄዶ አጥሩ ላይ ተቀመጠ፤ ድመቷ ወፍ መስሏት ዘለለችበት። ጋቢዬን እስከ ቅንድቤ ተከናንቤ የታላቅ እህቴ የእትዬ አስካለ ጓሮ ውስጥ ቆሜያለሁ። ውርጭ ያደረበት የጎመን ቅጠል ሁሉ ስኳር የተነሰነሰበት ይመስላል። አንዱን ቀንጥሼ በጥሬው ነከስኩት። ቀጭ አለና ጣፈጠኝ። ደገምኩ። ጎመን ብርድ ሲመታው ይጣፍጣል ሲባል የጉልት ሴቶች ማሻሻጫ ይመስለኝ ነበር፤ ይኸው ዛሬ እንደ ፍየል እየዞርኩ አረጋገጥኩ።

«ጎመኔን ጨርሰህ ነው የምትሄደው?» አለች እትዬ ከኋላዬ። «የመጣህበትስ?»

የመጣሁበት ጉዳይ ከአጥሩ ማዶ ነው። እዚያ ግቢ አዴ ጫልቱ ይኖሩ ነበር። ከእትዬ ጋር ወንፊትና ሙቀጫ ሲዋዋሱ፣ አንዳቸው የሌላቸውን ልጅ ሲቆጡ ያረጁ ጎረቤት ናቸው። ቦታው ለልማት ይፈለጋል ተባለና ቤቱ ፈረሰ፤ እሳቸውም ሱሉልታ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ከገቡ ወዲህ ደጅ አይወጡም። ልጃቸው ፀሐይ ላይ ወንበር ቢያወጣላቸው «ምን አያለሁ ብዬ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። እትዬ ባለፈው ደውላ ምን ልላክልሽ ብትላቸው «ኮሰረቴን» ብለው ስልኩን ዘጉት። ከዚያ በኋላ ስልክም አያነሱም።

ለቅቤ ማንጠሪያ የሚሆነው ኮሰረት ከፍርስራሹ ጎን እንደቆመ ነው፤ ከአጠገቡ ቢጫ ኤክስካቫተር ቆሟል። ሰሞኑን ከተማውን ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ በተነሳው ተቃውሞ ምክንያት ኦፕሬተሩ ስለቀረ ማሽኑ አንቀላፍቷል። ረብሻው ጋብ ሲል ይነቃና ግቢውን ጠርጎ ይደለድለዋል። እንግዲህ ነገራችን እንዲህ ነው፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ኮሰረቱ የለም፣ ኮሰረቱ እያለ መንገዱ ሰላም አይደለም።

ሥሩ ከመሠረቱ ድንጋይ ሥር ስለገባ መንቀል አልተቻለም። እትዬ በቢላዋ ደህና ደህናውን ቅርንጫፍ ቆርጣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችው፤ እንዳይደርቅ አደራ አለችኝ። እንዳይበርደው የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጥቅሉን በፌስታል ከትቼ ከቮልሷ የኋላ ወንበር ጀርባ፣ ሞቅ የምትለዋን ቦታ መርጬ እንደ አራስ ልጅ አስተኛሁት። የተረፈውን እፍኝ ቅርንጫፍ ግን ለማሽተት ያህል እጄ ላይ ያዝኩ።

የቮልሷ ባለቤትና ሹፌር የልጅነት ጓደኛዬ ገመቹ ነው። ከጎኑ ወንበር ላይ ለሚስቱ የገዛው የሰበታ ዱባ ተቀምጧል። ዱባው ከእኔ ስለሚወፍር ወደ ኋላ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ዓለም ገና፣ ፀሐይ ስትወጣ

ጉም ሜዳው ላይ ተኝቷል። ከጉሙ በላይ የዛፍ ጫፍና የአንዲት ላም ቀንድ ብቻ ይታያል። ከመንገዱ ዳር የሽምብራ እሸት ከነአገዳው ታስሮ ይሸጣል፤ አንድ እስር ገዛን። የታኅሣሥ ሽምብራ ጠል አድሮበት ጨው ጨው ይላል። ፈልፍሎ መብላት እጅን በብርድ ያደነዝዛል፣ አፍ ግን አይሰለችም። ገመቹ በአንድ እጁ እየነዳ በአንድ እጁ ይፈለፍላል፤ ቮልሷም እንደ እሱ ሽምብራ ባየች ቁጥር ወደ ዳር ታጋድላለች።

ቡራዩ፣ ረፋድ

ዱባውን ለገመቹ ሚስት አስረክበን ሳንርቅ ድንጋይ ተደርድሮ ጠበቀን። ከድንጋዩ ኋላ ወጣቶች ቆመዋል። ያን ሰሞን መኪና ላይ ለምለም ቅጠል ያልሰቀለ ከሕዝቡ ጋር እንዳልሆነ ይቆጠራል፤ የእኛ ቮልስ ደግሞ እንደተላጨ ራስ ነበረች።

ገመቹ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አካም ቡልተን» ብሎ እንዴት አደራችሁ አላቸው።

«ነጋ፣ ኦቦ» ብሎ ደህና ማደሩን መለሰ ረጅሙ ልጅ። «ቅጠላችሁ የታለ?»

እጄ ላይ ያለውን ሳላስብ ዘረጋሁለት። ግማሹን ወስዶ የጎን መስተዋቱ ላይ ሊያስር ሲል አሸተተው፤ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ይሄ ምንድነው፣ ድስት ልትጥዱ ነው?»

ጓደኞቹም እየተቀባበሉ አሸተቱ፤ ሰልፉ ለጥቂት ጊዜ ወጥ ቤት ሆነ። ገመቹ በኦሮምኛ ኮሰረቱ የማን እንደሆነና ለምን እንደሚሄድ ነገረው።  ልጁ የእነሱም አጥር ላይ ይፈርሳል የሚል ቀይ ምልክት እንደተቀባ፣ እናቱ በየቀኑ በሳሙና ብታሽም እንዳልለቀቀ በቀስታ ነገረን። አንዲት ዘለላ ብቻ መስተዋቱ ላይ አስቀርቶ ሌላውን መለሰልኝ።

«ለእሳቸው ይድረስ» አለና ድንጋዩን ራሱ አንከባለለልን።

ሽቅብ ወደ ሱሉልታ፣ እኩለ ቀን

ዳገቱ ላይ ደግሞ ፖሊሶች አስቆሙን። እዚህ ጥያቄው ተገለበጠ፤ ቅጠሉን ለምን ሰቀላችሁ ሆነ። ቅጠል ሳይሆን ቅመም ነው አልኩ። ፖሊሱ አላመነኝም፤ ከመስተዋቱ ፈትቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ዓይኑን ጨፈነ። ምዬ መናገር እችላለሁ፣ ሰውዬው ቆሞ እናቱ ቤት ደርሶ ተመለሰ። ካምፕ ከገባ ወዲህ የተነጠረ ቅቤ እንዳልቀመሰ ነገረን፤ እኔም አዘንኩለት። ማዘኔን ሲያይ እጄ ላይ ያለውንም ተቀበለኝ። ለምርመራ ይፈለጋል አለ። ምርመራው በስንት ኪሎ ቅቤ እንደሚካሄድ አልገለጸም።

አንዲት ዘለላ ብቻ ጭኔ ላይ ወድቃ ተረፈች። ግድ የለም፣ ዋናው ጥቅል ከኋላዬ በሰላም ተኝቷል አልኩ። የሱሉልታ መግቢያ ላይ ሌላ ድንጋይ፣ ሌሎች ወጣቶች ጠበቁን፤ ያችን የቀረች ዘለላ የፊት መስተዋት መጥረጊያው ሥር ሸጎጥናትና አለፍን።

ሱሉልታ፣ ከሰዓት

እዚህ ፀሐይዋ ራሷ ጋቢ ደርባ ነው የምትወጣው። በጥላ በኩል ያለው ውርጭ እስካሁን አልቀለጠም። ሜዳው ሙሉ የድርቆሽ ክምር፣ ከክምሩ ሥር ትንፋሻቸው የሚጨስ ላሞች፤ አየሩ ወተትና ሣር ይሸታል። ደስታዬ ልክ አጥቶ መስኮቱን ከፍቼ ለላሞቹ በሙሉ ሰላምታ ሰጠሁ። አንዷ መለሰችልኝ።

አዴ ጫልቱ ልጃቸው ቤት፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን ሳይዞሩ ተቀበሉ። እኔም እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ የእትዬን አደራ አስረድቼ፣ ጥቅሉን ፈታሁት።

እንፋሎት ወጣ። ቅርንጫፉ ሁሉ ጠቁሮ፣ ልፍስፍስ ብሎ፣ ሊበላ የደረሰ ጎመን መስሏል። ገመቹ አፉን ይዞ «ሞተሩ ላይ ነው እንዴ ያስቀመጥከው?» አለ። የቮልስ ሞተር ከኋላ እንደሆነ አገር ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ማወቄን ግን ሰበታ ጎመን ስበላ ረስቼዋለሁ። እህቴን ምን እላታለሁ? ቢጫው ማሽን ነገ ቢነቃስ?

ሽታው ቤቱን ሞላው። አዴ ጫልቱ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ማነው ኮሰረት የቀቀለው?»

ገመቹ በጣቱ እኔን አሳየ፤ ጓደኛ ማለት ይሄ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ወደ ውጭ ሮጠ። ከመጥረጊያው ሥር ያችን ዘለላ ይዞ ገባ። ዳገቱን ሁሉ ብርድ ሲገርፋት የመጣች ናት፤ ቅጠሏ ቀጥ ብሎ፣ አሁን ከግንዷ የተቆረጠች መስላለች። ቦታ አሳዩንና እኔው ልትከላት አልኩ።

«አንተ?» አሉ አዴ ጫልቱ። «ያንን ቀቅለህ ይቺን ልትጠብስ?»

ብድግ አሉ። ዘለላዋን ከገመቹ እጅ ነጥቀው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። ልጃቸው በሩ ላይ እንደ ችካል ቆሞ ቀረ። ግቢውን ዞረው ዞረው ከቧንቧው አጠገብ ጥላና ፀሐይ የሚፈራረቅበት ቦታ መረጡ፤ አፈሩን በማንኪያ ጫሩ፣ ተከሉ፣ በተቆረጠ ሃይላንድ ከደኑ። «ኩሳዬ ኮ» አሏት፤ ኮሰረቴ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወንበር ይምጣልኝ አሉ።

መመለሻ

መንገዱ ቅጠል እንደሚጠይቅ ገመቹ አስታወሰኝ። ሁለታችንም ሳናስበው ወደ ሃይላንዱ አየን። አዴ ጫልቱ ምርኩዛቸውን አነሱ፤ እኛን ሊመቱ መስሎን ሸሸን። እሳቸው ግን ከአጥሩ ማዶ ወደሚታየው ጠቆሙበት።

«ይሄ ሁሉ ባህር ዛፍ ምን ሆኖ ነው?»

ከሰበታ እስከ ሱሉልታ በግራም በቀኝም ባህር ዛፍ ቆሞ ሲያየን ነው የመጣነው። ገመቹ እስኪያነባ ሳቀ፤ ግንባሩን ከቮልሷ ጣሪያ ጋር አጋጭቶም አላቆመም። ስንመለስ ቮልሷ ታይታ እስከማትታወቅ ድረስ ባህር ዛፍ አለበስናት፤ ከሩቅ ያያት ሰው «ጫካ መንጃ ፈቃድ አወጣ እንዴ?» ይላል። በቅጠሉ መሃል አጮልቄ ወደ ኋላ ሳይ፣ አዴ ጫልቱ ፀሐይዋ ስትዞር ወንበራቸውን ይዘው አብረው ይዞራሉ።

ቤቴ ገብቼ እግሬን ለብ ባለ ውሃ ስዘፈዝፍ እትዬ ደወለች። አዴ ጫልቱ ራሳቸው ደውለውላት ነበር። ስለ ውርጩ፣ ስለ ላሞቹ፣ ስለ ልጃቸው ሚስት አያያዝ ካርዳቸው እስኪያልቅ አውርተው፣ መጨረሻ ላይ እንዲህ ብለው ጠየቋት፦

«ቀቃዩ በሰላም ገባ?»