የእኔ ሦስት ጣት

ከሐይቁ ሰዎች መጀመሪያ ያወቅሁት፣ ሱቃችን በር ላይ ጥርሱ የረገፈውን ሰው ነው። ያስረገፍኩበት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፤ እጄን ግን አላነሳሁበትም። ዝም ነው ያልኩት።

ያኔ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ውስጥ ገመድ፣ ሲባጎና የዓሣ መረብ የሚሸጥ ሱቅ ነበር የምሠራው። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ነው የገባሁት። ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቀኝ እንኳ የምመልሰው ወለሉን እያየሁ ነው። አሠሪያችን፣ ጋሼ ነበር የምንላቸው፣ ይኼን ጠባዬን ይወዱት ነበር። “ይቺ ልጅ አፍ የላትም” ይላሉ ለጎረቤት ነጋዴዎች። “አፍ የሌለው ሠራተኛ ወርቅ ነው።”

መረብ የሚገዙን ከሐይቅ ዳር የሚመጡ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። መረቡ ማዳበሪያ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ አፉ ተሰፍቶ ነው የሚቀመጠው። ገዢው ሁልጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ “ሦስት ጣት ነው?” የመረቡ ቀዳዳ ሦስት ጣት ጎን ለጎን የሚያስገባ ከሆነ ትንንሾቹ ዓሦች ያመልጣሉ፣ ትልልቆቹ ይያዛሉ። ከዚያ ከጠበበ ግን ጫጩቱን ሁሉ ጠርጎ ያወጣል። እኔ የማዳበሪያውን ጥግ በምላጭ ቀደድ አደርግና ሦስት ጣቴን እከታለሁ። ከገባልኝ “አዎ” እላለሁ። ይኼ ነበር ሥራዬ። ያን ሰውም እንደዚያው አደረግኩለት። መኪና እንዳያመልጠው ይቸኩል ነበር፤ “አዎ” ስለው ማዳበሪያውን ሳያስፈታ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሮጠ።

በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ግራ ዐይኑ አብጦ ተደፍኗል። ባንኮኒው ላይ አንድ ጥቁር ነገር ወረወረ፤ ተቃጥሎ የተጣበቀ ናይለን ነበር፣ ሱቁ በጭስ ሽታ ተሞላ። ከኋላው አንዲት ቀጭን፣ ረጅም ሴትዮ ቆመዋል፤ እናቱ ናቸው።

“ይቺ ናት እማዬ። የለካችው ይቺ ናት” አለ።

ነገሩን በጥድፊያ ተናገረ። በእነሱ አገር አዲስ መረብ ውኃ ሳይነካ ዳርቻው ላይ ሰው ሁሉ እያየ ይፈታል፣ ሽማግሌው በጣታቸው ይለኩታል። የእሱ ሲለካ የሽማግሌው ጣት አልገባም። ጠባብ መረብ ያመጣ ይደበደባል፣ መረቡ ይቃጠላል፣ ከሐይቁም ይታገዳል። “መርካቶ ሦስት ጣት ነው ብለው ሸጡልኝ” ቢል ሳቁበት፤ የተያዘ ሁሉ የሚለው ይኼንኑ ነው። “እንግዲያው የለካልህን ሰው አምጣ” አሉት። እስከዛሬ የለካውን ያመጣ የለም።

ጋሼ ከመጋዘኑ ወጡ። “ምን ሆነሃል አንተ? ማን ሱቅ ውስጥ ነው የምትጮኸው?”

“ጋሼ፣ ጠብ ፈልጌ አይደለም። ይቺ ልጅ አንድ ቀን አብራኝ ወርዳ ‘እኔ ነኝ የለካሁት’ ትበልልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ከውኃው ላይ አውጥተውኛል፣ ምን ልብላ?”

በር ላይ ሰው መሰብሰብ ጀመረ፤ ሌሎች መረብ ገዢዎችም ነበሩበት። ጋሼ ይኼን አዩ። ሰውዬው እንድወጣ የሹራቤን እጅጌ ሲይዘኝ፣ ጋሼ “ሌባ! ሌባ! ያዙት!” ብለው ጮኹ።

መርካቶ ውስጥ ይኼ ጩኸት ከተሰማ ምን ሰረቀ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ተሸካሚው ሸክሙን ጥሎ መጣ። አንዱ ቀበቶውን ፈታ። አንዱ የሱቁን ጋን ቁልፍ ጨብጦ አፉ ላይ መታው። ዳቦ እየበላ የሚያልፍ ሰው ሮጦ መጥቶ ወገቡን ረገጠውና እያላመጠ መንገዱን ቀጠለ። እናቱ ልጃቸው ላይ ወደቁ፤ ጀርባቸው ላይም ረገጡ። “ልጄን! ልጄን አትግደሉብኝ!”

“ሌባ አይደለም” ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ጋሼ አዩኝ፤ እኔ ወለሉን አየሁ።

ሰዉ ሲበተን ሴትዮዋ አስፋልቱ ላይ ተንበርክከው ሁለት ጥርስ ለቀሙ። በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

በማግስቱ ተመልሰው መጥተው ከሱቁ ትይዩ ካለው ግንብ ሥር ተቀመጡ። አይለምኑም፣ አይናገሩም፣ እኔን ብቻ ያያሉ። ጋሼ ተሸካሚ ልከው ገፍትሮ አስነሳቸው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እዚያው ነበሩ። በሁለተኛው ቀን የወለል እጣቢ ደፉባቸው፤ ቀሚሳቸውን ጨምቀው ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን እህል አልወርድ አለኝና ወደ እሳቸው ሄድኩ።

“እማማ፣ ልጅዎ እንዴት ነው?”

“ሐይቁ መታው፣ መርካቶ መታው። ሁለቱም በአንቺ ጣት ነው። ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም?”

“እመጣለሁ” አልኩ። ድምፄን እኔም አልሰማሁት፤ እሳቸው ግን ሰሙት።

ጋሼ “ከሄድሽ በዚህ በር እንዳትመለሺ!” ብለው የሲባጎ ጥቅል ወረወሩብኝ፤ ትከሻዬን ለሳምንት አሞኛል። በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ታክሲ ይዘን ወደ መናኸሪያ ሄድን። እዚያ ሲጠብቀን የነበረው ልጃቸው አውቶቡሱ ውስጥ ከፊታችን ተቀመጠ። እስክንደርስ አንድም ጊዜ ዞሮ አላየኝም።

ሐይቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከማየቴ በፊት ግን ሸተተኝ። ዳርቻው ላይ ሴቶች በተርታ ተቀምጠው ዓሣ ይገፋሉ፤ ቢላዋው ከእጃቸው ፈጥኖ ነው የሚሄደው። አንዱ ሰውዬ አምባዛ አናት አናቱን በዱላ ይላል። አምባዛ ቶሎ አይሞትም፤ ራሱ ተፈርክሶ እንኳ ጭራው አሸዋውን ይመታል። አባ ኮዳዎች፣ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ አንጀቱን ለመንጠቅ እርስ በርስ ይነካከሳሉ። ልጆች በድንጋይ ይወግሯቸዋል፤ ወፎቹ ፈቀቅ ብለው ይመለሳሉ።

“የመርካቶዋ መጣች!” አለች አንዷ፣ አንጀት ወርውራ ቀሚሴን እያበላሸች። “ጣቷን ይዛ ነው የመጣችው?”

“ጣቷንስ ይዛለች፣ ምላሷን ረስታ ነው” አለች ሌላዋ። ሁሉም ሳቁ።

ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡት በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስለነበር ሁለት ሌሊት እናትየው ቤት አደርኩ። በእነዚያ ቀናት ነው ሰዎቹን ያወቅኋቸው። ከሰላምታ በፊት ስድብ ይቀድማል። አንጀት የወረወረችብኝ ሴትና ጎረቤቷ በመቀመጫ ቦታ ተጣልተው ቢላዋ ተማዘዙ፤ የጎረቤቷ ክንድ ተቀደደ፣ ደሙ ዓሣው ላይ ፈሰሰ። እኔ ጮኼ ልሮጥ ስል እናትየው ይዘው አስቀመጡኝ። ከሰዓት በኋላ ያችው ቢላዋ የመዘዘች ሴት የጎረቤቷን ክንድ አጥባ በጨርቅ ስታስርላት አየሁ። “ብትንቀሳቀሺ ሌላውን እቀድልሻለሁ” ትላታለች። ሁለቱም ከአንድ ሳህን በሉ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ግዙፍ ሰው ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ በገመድ አንጠልጥሎ ቤት ገባ። ሁለት ጣቶቹ የሉም፤ ወንድሙን ከጉማሬ አፍ ሊያስጥል ሲታገል ነው አሉ የቀሩት። ወንድሙም አልተረፈም።

“ጥርሱ እንዴት ሆነ?” አለ ዓሣውን እያስቀመጠ።

“የመታኸው አንተ ነህ፣ አንተው ትጠይቃለህ?” አሉት እናትየው።

“ዐይኑን እኔ ነኝ። አልካድኩም” አለና ወደ እኔ ዞረ። “ጥርሱን እናንተ ናችሁ። እኔ ስመታው ምን እንዳጠፋ እያየሁ ነው። የእናንተ ሰዎች ግን ምን ሠርቶ ነው ብለው ነው የመቱት?”

ዓሣውን ለመጥበስ የተነሳሁ መስዬ ወጣሁ። ከደጅ ሆኜ ሲናገር ሰማሁት፤ “ወሬው ቀድሞ ደርሷል። መርካቶ በሌብነት ተያዘ እየተባለ ነው። ነገ የመረቡ ነገር ብቻ አይደለም የሚነሳው። ሌባ ከእኛ ጋር መረብ አይጥልም።”

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መለካቴን ለመናገር ነበር የመጣሁት። አሁን ግን ሌባ አለመሆኑን መናገርም መጣብኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ሰዉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ዋርካው ላይ ከተቃጠለ መረብ ሁሉ እየተቀደደ የተንጠለጠለ ቁራጭ አለ፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ። የልጃቸውንም መረብ ቁራጭ አወረዱት። ሽማግሌው ወፍራም፣ የተሰነጣጠቁ ጣቶቻቸውን ለሰዉ አሳዩና ወደ ቀዳዳው ገፉ። በሁለተኛው አንጓ ላይ ቀረ።

“እሺ፣ የመርካቶ ልጅ። ነዪ፣ ለኪልን።”

ሦስት ጣቴን ከተትኩ። እስከ መዳፌ ድረስ ገባ። ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው እጄን ይዘው ከእጃቸው ጎን አስተኙት። የእኔ ሦስት ጣት የእሳቸውን ሁለት ጣት ነበር የሚያክለው።

“ስንት ጊዜ እንዲህ ለካሽ?”

“ሁልጊዜ” አልኩ።

ሰዉ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሳ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዛፉ ላይ የተንጠለጠለው አረንጓዴ ከእኛ ሱቅ ነው፣ ሰማያዊውም ከእኛ ሱቅ ነው። ስንት ሰው በዚህ ቀጭን ጣቴ እንደተደበደበ አላውቅም። ከኋላ አንድ ሰው ሊመታኝ ሲመጣ ግዙፉ ሰውዬ ደረቱን ይዞ መለሰው።

“መረቡስ እሺ” አለ የተመለሰው ሰው እየጮኸ። “ሌብነቱስ? መርካቶ በሌብነት ነው የተደበደበው!”

ተከሳሹ አንገቱን ደፋ፤ አፉን በእጁ ሸፈነ። እናቱ ሱቁ ፊት ሦስት ቀን እንዳዩኝ አዩኝ። እኔም እንደ ልማዴ ወለሉን ልይ ብዬ ዐይኔን ስጥል፣ ወለል የለም፣ አሸዋ ነው፤ የደረቀ ደምና የዓሣ ቅርፊት።

“ሌባ አይደለም” አልኩ።

“ጩኺ፣ አይሰማም!” አሉኝ ከኋላ።

“ሌባ አይደለም! ምንም አልሰረቀም። አሠሪዬ ናቸው የጮኹበት። እኔ አውቅ ነበር። ዝም አልኩ፤ እስኪተውት ድረስ ዝም አልኩ!”

ሽማግሌው ተከሳሹን አዩት። “መረቡ የአንተ ጥፋት አይደለም” አሉት። “ወደ ውኃህ ተመለስ።” ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺ ደግሞ፣ አሳስቶ ለለካ ጣት ቅጣት አለን። ዝም ላለ አፍ ግን ሥርዓት አልሠራንም።”

ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ጣት አንድ ነው፤ ውኃ በጠጣ ገመድ፣ የሚመታውም የተበደለው ነው። ሴት ናት ይቅርባት ያሉ ነበሩ። ሽማግሌው እኔን አዩኝ። እጄን ዋርካው ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ዘረጋሁ። ሰውዬው ገመዱን ተቀብሎ አነሳና አየር ላይ አቆመው፤ ከዚያ ለእናቱ ሰጣቸው።

እሳቸው አልራሩልኝም። የመጀመሪያው እንደ እሳት አቃጠለኝ። በሁለተኛው ጮህኩ። ሦስተኛው የመሐል ጣቴን ጥፍር ነቀለው።

ከዚያ ክንዴን ይዘው ወደ ውኃው አወረዱኝና እጄን ነከሩት፤ ደሙ ሐይቁ ውስጥ እንደ ክር ወጣ። “ታረቅን አልልሽም” አሉኝ እያጠቡኝ። “ግን መጥተሻል።”

ግዙፉ ሰው ከራሱ መረብ ግማሹን ቆርጦ ለልጃቸው ሰጠው። ጀልባውን አብረው ገፉ። ልጃቸው ሲያልፍ አጠገቤ ቆም አለ። ሱቁ በር ላይ ከተደበደበ በኋላ ያናገረኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ከጥርሶቹ ክፍተት ቃሉ እያፏጨ ይወጣል።

“ዛሬ ያልሽው፣ ያን ቀን ምን ያህል ይከብድ ነበር?”

ጀልባው ውስጥ ዘሎ ገባና መቅዘፍ ጀመረ።

አሁን ከተማ ተመልሼ አብነት ጋ ካልሲ እሸጣለሁ። ጥፍሬ በቅሏል፤ ጠማማ ሆኖ ነው የበቀለው። አንዳንድ ቀን ከታክሲ መያዣው በኩል “ሌባ!” የሚል ጩኸት ይሰማል፣ ሰዉም ይሮጣል። ካልሲዬን ጥዬ እሄዳለሁ። “ምን ሰረቀ? ማን አየ?” እያልኩ መሐላቸው እገባለሁ። ሁለት ጊዜ በስህተት እኔንም መትተውኛል።