የፎልሷ ቀኝ ፓራፋንጎ

ባለፈው ሐሙስ ዙሁር ሰግጄ ወደ ጋራዤ ተመለስኩና፣ ከአንዲት አሮጌ ፎልስ መኪና የፈታሁትን የቀኝ ፓራፋንጎ ገልብጬ ጭኔ ላይ አኖርኩት... እጄን ከውስጥ በኩል ሳስገባ የገዛ ሥራዬን አገኘሁ።

ለማያውቅ ልንገር። ፓራፋንጎ ማለት ጎማውን ከላይ የሚያለብሰው ክብ ቆርቆሮ ነው። እኔ ከሚሴ ውስጥ ባቲላሜራ ነኝ፤ የተጨራመተ የመኪና አካል በመዶሻ አቀናለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ሌላው ከመሀል ጀምሮ ወደ ጫፍ ይመታል፤ እኔ ከጫፍ ወደ መሀል። ተሳስተሃል ያሉኝ ብዙ ናቸው፣ አልሰማኋቸውም። ስቱኮም በደጄ አይገባም። ጎድጓዳውን በሊጥ ሞልቶ ቀለም መቀባት ሥራ ሳይሆን ውሸት ነው እላለሁ።

ያ ፓራፋንጎ ከውስጥ ሲዳሰስ ምቱ ሁሉ ከጫፍ ወደ መሀል ነው። ከመብራቱ ቀዳዳ አጠገብ ደግሞ ከዘይት በርሜል ቆርጬ የበየድኳት ትንሽ ልጣፍ አለች፤ የበርሜሉ ቢጫ ቀለም አንድ ጥጓ ላይ አልለቀቀም።

የመኪናዋ ባለቤት ከደሴ የመጣ ጎልማሳ ነው። በቅርቡ ገዝቷት፣ እንደ ጥንቷ ያድርጉልኝ ብሎ ነው ያመጣት።

«ጋሼ፣ ምነው አንዱን ቦታ ደጋግመው ይዳስሳሉ?» አለኝ።

«ይቺን መኪና አውቃታለሁ።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል!»

ጥሩ አልነበረም።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የማላውቀው ሰው ይቺኑ ፎልስ አመጣልኝ። ፊቷ ተጨራምቷል። «የጨፋ መንገድ ላይ ግመል መታሁ። ለዛሬ አድርስልኝ» አለ።

ግመል ረጅም ነው። እግሩን ስትመታው ገላው ከላይ ይወድቅና መስታወትና ጣሪያ ይዞ ይወርዳል። የዚያች መኪና መስታወት ደህና ነበር... ጣሪያዋም ደህና። ይህን ለማወቅ ከእኔ የተሻለ ሰው አልነበረም።

ከመብራቱ ክፈፍ ውስጥ የአረንጓዴ ሻሽ ቁራጭ መዝዤ አወጣሁ። ከሚነደው ከሰል ላይ ጣልኩትና መዶሻዬን አነሳሁ።

የሰውየውን ስም እንኳ አልጠየቅሁም። እኔ የምጠይቀው ቆርቆሮውን እንጂ ሰውን አይደለም እያልኩ የምኮራ ነበርኩ። ከመግሪብ በፊት መኪናዋ ከአዲስ አትለይም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሼህ አደም የሚባሉ የጨፋ ሮቢት ገበሬ መጡ። ልጃቸውን ዘሐራን ከገበያ ስትመለስ መኪና ገጭቶ ገድሏት አምልጧል። አባትየው በየጋራዡ እየዞሩ ይጠይቃሉ።

«ማሎ ልጄ፣ እባክህ... ፊቷ የተጎዳ መኪና መጥታልህ ነበር?»

«አልመጣችም።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

ዱዓ አድርገውልኝ ሄዱ።

ጋራዤ በፖሊስ እንዳይዘጋ ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ከዚያ ወዲያ ጨፋ ሮቢት ወርጄ አላውቅም። ያቀናሁትን ቆርቆሮ በመዳፌ ስፈትሽ፣ አንዳንዴ ብረቱ ጠፍቶ ጨርቅ የምዳስስ ይመስለኛል... እጄን ነጥቄ አነሳለሁ። ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም።

ይህን ሁሉ ለጎልማሳው ነገርኩት።

«ጋሼ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ ዝም ይበሉ! መኪናዬን ፖሊስ ይይዝብኛል። እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ሊብሬዋን አምጣ። ከአንተ በፊት የያዟት ሰዎች ስም እዚያ ላይ አለ።»

«እምቢ ብልስ?»

«እምቢ ካልክ መኪናህ ያለ ፓራፋንጎ ትሄዳለች።»

«እርስዎ ሰውዬ ድንጋይ ነዎት እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ። እየተራገመም ቢሆን ሊብሬውን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ሰጠኝ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ፓራፋንጎውን ታቅፌ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። አንዱ ተሳፋሪ «አባባ፣ የቀረውን መኪና የት ጣሉት?» ሲል ሁሉም ሳቀ። እኔ ጨፋ ሮቢት እስክደርስ ቀና አላልኩም።

ሼህ አደም በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ከመስጊዱ ግንብ ጥግ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አካም ጅርታ ሼሁ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ። ማነህ?»

ማንነቴን ነገርኳቸው። ግመሉንም፣ ሻሹንም፣ ወላሂ ማለቴንም ነገርኳቸው። ምንም አላስቀረሁም። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ በከዘራቸው ቢመቱኝ በወደድኩ።

«አረንጓዴ ነበር አልክ?»

«አረንጓዴ።»

«እኔ ነኝ የገዛሁላት።»

እጃቸውን ዘረጉ። ፓራፋንጎውን ጭናቸው ላይ አኖርኩላቸው። ከላይ ዳሰሱት... ልሙጥ ነው። እጃቸውን ይዤ ወደ ውስጠኛው በኩል መራሁት። ጣታቸው ጎርባጣው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይኸ... የእሷ ነው?»

«የለም ሼሁ። የእኔ መዶሻ ነው።»

ጣታቸውን ትንሽ ፈቀቅ አደረጉ። «ይኸኛውስ?»

«እሱም የእኔ።»

ቆርቆሮውን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። አልቸኮሉም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ የእሷ የቱ ጋ ነው?»

ቅዳሜ ለፖሊስ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ሊብሬው ላይ ያሉትን ስሞች እየፈለጉ ነው። እኔ ግን ጎበዝ ባቲላሜራ ነኝ፤ ለአባትየው የልጃቸውን አንዲት ጭረት እንኳ አላስተረፍኩላቸውም።