የገበያውን ዋርካ ማን ተከለው?

ፎንቆ ከተማ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን በሙያዬ ተስፋ ቆርጬ አላውቅም።

አምና ተማሪዎቼ የቤት ሥራቸውን ከኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ እየገለበጡ አስቸገሩኝ። እዚያ ማንም የፈለገውን መጻፍ እንደሚችል ላሳያቸው ብዬ፣ ስለ ከተማችን በሚያወራው ገጽ ላይ በስልኬ አንድ ውሸት ጨመርኩ፦ «የገበያውን ዋርካ የተከለው አንድ ግሪካዊ ነጋዴ ነው።» ከዚያ ፈተና ደረሰና ሳላሳያቸውም ሳላጠፋውም ረሳሁት።

ዘንድሮ ደግሞ «ያነበባችሁትን ከሚያውቅ ሰው ጋር አመሳክሩ» አልኳቸውና አቶ ኤርጃቦን ክፍል ድረስ ጋበዝኳቸው። የጎሳቸውን ሐረግ አሥራ ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ሳይሳሳቱ የሚቆጥሩ ሽማግሌ ናቸው። አንዷ ተማሪ ስለ ዋርካው ጠየቀቻቸው።

«አንድ ግሪካዊ ነጋዴ ነው የተከለው» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ደብተሩ ላይ ጻፈው።

«ይህን ከማን ሰሙት፣ አባባ?» አልኳቸው።

«ከአባቴ።»

ሌላ መውጫ አልነበረኝም። ውሸቱን የፈጠርኩት እኔ ራሴ መሆኔን በሁሉም ፊት ተናዘዝኩ። አቶ ኤርጃቦ በሐዘኔታ ትክ ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ አንተ ከዱራሜ የመጣህ ሰው ነህ» አሉኝ። «የእኛን ዋርካ ታሪክ ከየት ታውቀዋለህ?»