የሐርቡ ልጆች ዝም ያሉበት ገጽ

ትናንት የልጅ ልጄ ሀና የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሥዕሉ ላይ አንድ ልጅ ከዘራ የያዙ አዛውንት ፊት ቆሞ «ዋት ኢዝ ዩር ኔም?» ይላቸዋል። የቤት ሥራውም እንዲሁ አንድን ትልቅ ሰው ስሙን መጠየቅ ነው። ሀና አየት አደረገችኝና መጽሐፉን ከደነችው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። እንዲህ ያለ ገጽ በወጣትነቴ እኔም ጽፌያለሁ።

ያኔ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር አስተምር ነበር። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከሚያዘጋጁት መምህራን አንዷ ሆኜ ስመረጥ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሥራው ኮምቦልቻ ስለነበር በየማለዳው ደሴን በሹራብ ተሸፋፍኜ እለቃለሁ፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደን ስንጨርስ ከሙቀቱ የተነሳ ሹራቡ ጭኔ ላይ ነው። የእኔ ድርሻ የትውውቅ ምዕራፍ ነበር።

ረቂቁን ሐርቡ፣ ገጠር ትምህርት ቤት ወስደን ስንሞክረው ጉድ ፈላ። ሥዕሉ ላይ ያሉትን አዛውንት ስማቸውን ጠይቅ ያልኩት ልጅ መሬት መሬት ያያል፤ ሌላዋ በሻሿ አፏን ትሸፍናለች። ክፍሉ ጭጭ አለ። የቡድናችን መሪ አቶ ይመር ቀይ እስክሪብቷቸውን አወጡ።

«ለገጠር ልጅ ይከብዳል ብዬሽ ነበር። ምዕራፉ ይውጣ፤ አንቺም ወደ ትምህርት ቤትሽ ተመለሺ።»

«አንድ ቀን ይስጡኝ» አልኳቸው። አልለመንኩም። ልጆቹ አይችሉም መባሉ ከራሴ መባረር ይበልጥ አንገበገበኝ።

በማግስቱ ብቻዬን ተመለስኩ። ጥቅምት ነበር፤ ማሽላው ደርሶ መንገዱን ከግራ ከቀኝ አጥሮታል። በእረፍት ሰዓት ከልጆቹ ጋር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ዘሐራ የምትባል ተማሪ ከቤቷ ካመጣችው ጥብስ እሸት አንድ እፍኝ ሰጠችኝ።

«ትናንት ከብዷችሁ ነው?» አልኳት።

«ኧረ እናውቀዋለን ቲቸር። ግን ትልቅ ሰው ስሙ ይጠየቃል እንዴ? ወላሂ፣ አባቴ ቢሰማ አይለቀኝም!»

አፈርኩ። ሥዕሉን የቀዳሁት ከውጭ አገር መጽሐፍ ነው። እኔ ራሴ ሆጤ ሳድግ፣ አባባ እያልን የምንጠራቸውን ጎረቤታችንን ስማቸውን የሰማሁት የተቀበሩ ዕለት ነበር።

ክፍል ገብተን ሰሌዳው ላይ ቦርሳ ያንጠለጠለች ልጅ ሣልኩ። «ቤተሰቧ ለሥራ ከሩቅ አገር እዚህ ሐርቡ መጥተዋል፤ ዛሬ ክፍላችሁ ገብታለች፤ ማንንም አታውቅም» አልኳቸው። ከዚያማ «ዋት ኢዝ ዩር ኔም?» ሲሉ ማን ያቁማቸው! ርዕሰ መምህሩ ጠብ የተነሳ መስሏቸው እየሮጡ መጡ። አቶ ይመርን ጨቅጭቄ በነጋታው አመጣኋቸው። ከኋላ ተቀምጠው ሰሙ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተቱና «ይግባ» አሉ።

ይኸው ዛሬ በሀና መጽሐፍ አዛውንቱ ከነከዘራቸው ተመልሰዋል። የአሁኖቹን አዘጋጆች አልረግማቸውም፤ እንደ እኔ ቸኩለው ይሆናል። ነገ ግን ጉልበቴን አመመኝ ሳልል መጽሐፉን ይዤ ትምህርት ቢሮ እሄዳለሁ።

«ማን ያዳምጥሻል?» አለችኝ ሀና።

የቢሮው በር ላይ ያለው ጥበቃ ልጅ እግር ነው። ባለፈው ለጡረታ ጉዳይ ስሄድ፣ መዝገቡን ይዞ ብድግ አለና «ስምዎ ማን ነው?» በማለት ፈንታ «እናቴ፣ ማን ልበል?» አለኝ።

ምስክሬ አድርጌ እሱን ይዤ ነው የምገባው።